የለም በይ

ነገሩ ሁለት የእግር ጣትና አንድ የልጅ ልጅ አስከፍሎኛል። ከሁሉም የእኔ የነበሩት ጣቶቹ ብቻ ናቸው።

በግ ነጋዴ ነኝ፤ ከጉና እያወረድኩ ደብረ ታቦር እሸጣለሁ። ስገዛ እናቱን ካላየሁ ብር አላወጣም፤ ስሸጥ ግን ያልተጠየቅሁትን አልናገርም። አባቴ እግራቸው ቆስሎ ሸቶ ሞቱ፣ የእህቴ ዐይን ጠፋ። እኛ ቤት ይህ ሁሉ መጋኛ ይባል ነበር። እኔን የውሃ ጥም አላስቀምጥ ብሎኝ ስመረመር ግን ስኳር ሆኖ ተገኘ።

በዚያው ሰሞን የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ደሜን ወሰዱ። ስኳር አንዱን ቤት እየመረጠ ሌላውን የሚያልፈው ለምን እንደሆነ ከዘረመል እንፈልጋለን አሉ።

«ሴት ልጅዎንም ያምጧት፣ አባቴ» አለኝ አንደኛው።

«እሷ ሸምበቆ ናት። ስኳር የቦርጫም ነው።»

«በዘር ከመጣ ወፍራም ቀጭን አይልም። ሊይዛትም ላይዛትም ይችላል፤ ብናውቀው ይሻላል።»

አላመጣኋትም። ሽማግሌ ሊመጣላት ቀን ተቆርጦ ነበር።

መጡ። ሰባት ቤት ቆጠሩ፤ ዝምድና የለም። ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «በዘራችሁ ደዌ አለ?» አሉ።

«ከእርጅና በቀር የገደለን የለም» አልኩ። ሳቁ። ተዳረች።

ከሠርጉ በኋላ የባሏ አባት ወንዛዬ ፍል ውሃ ይዘውኝ ወረዱ። እግሬን ምንጩ አፍ ላይ ነክሬ ተቀመጥኩ።

«ኧረ እንዴት ቻሉት? እኔን ለበለበኝ!»

«የጉና ሰው ይህን ሙቀት ይለዋል?» አልኩ። እውነትም አልተሰማኝም፤ ስኳሩ እግሬን ካደነዘዘው ቆይቷል። ቆዳው ተገፈፈ፣ ቁስሉ ከፋ፣ ሁለት ጣት ተቆረጠ። ለአማቶቿ በቅሎ ረገጠኝ አልኳቸው።

ልጄ አረገዘች። አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ ደወለች። ኪኒኔን የበግ መድኃኒት ዕቃ ውስጥ ስደብቅ ያየችኝ እሷ ብቻ ናት።

«አባዬ፣ በቤተሰብ ስኳር አለ ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። አማቴ ውሃ ልትገዛ ወጥታለች፤ ሳትመለስ ንገረኝ። ምን ልበል?»

«የለም በይ።»

የለም አለች። የስኳር ምርመራው ቀረ።

ሕፃኑ ከልክ በላይ ገዝፎ በዘጠነኛ ወሩ ሆዷ ውስጥ ሞተ። ሆስፒታል ሐኪሟ «ስኳርሽ በጣም ከፍ ብሏል፤ በቤተሰብ አለ?» አላት። አንገቷን አዙራ አየችኝ።

«አባዬ፣ አሁንስ ምን ልበል?»

አብረውን የነበሩት የባሏ አባት ሁለት ጣት የጎደለበትን ጫማዬን አዩት። አንቱታውን የዚያን ቀን ጣሉት።

«አንተ፣ በግ ስትሸጥ እንኳ አፉን ከፍተህ ጥርሱን ታሳያለህ።»

በወሩ መለሷት። አሁን እኔ ቤት ናት። ጠዋት ጠዋት ሁለታችንም ኪኒናችንን ከዚያው ከበግ መድኃኒት ዕቃ አውጥተን እንውጣለን። መደበቁ ቀርቷል።

የቀረኝ ስምንት ጣትና የማታናግረኝ ልጅ ነው።