የሃምሳዋ ኒኬል

ዴልበርት ሃች ዕድሜ ልኩን የበረዶ መጥረጊያ መኪና የነዳ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነው። መዋሸት ግን አይችልበትም። ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፤ ይህን ደግሞ ኦሃዮ ወንዝ ዳር ባለችው በዚያች ትንሽ ከተማ የማያውቅ የለም። ካርታ ሲጫወት እንኳ የሚያሸንፉት ጆሮውን እያዩ ነው። ታዲያ ይህ ሰው በስተርጅናው ተነስቶ ሚስቱን ሊያታልል ቆረጠ። ጉድ እኮ ነው!

ነገሩ የሚጀምረው ከሚስቱ ከአርሊን ሽርጥ ኪስ ነው። አርሊን በወጣትነቷ አውራ ጎዳናው ዳር ባለው ቁርስ ቤት አስተናጋጅ ነበረች። ከሥራ ስትገባ የቀኑን ጉርሻ ጠረጴዛ ላይ በተነጠፈ ፎጣ ላይ ትዘረግፈዋለች። ፎጣው ሳንቲሙ እንዳይንከባለል ነው። ከዚያ ባልና ሚስት ፊት ለፊት ቁጭ ብለው ኒኬሎቹን፣ አምስት ሳንቲሞቹን ማለት ነው፣ አንድ በአንድ እያገላበጡ ዓመታቸውን ያነባሉ። የምትፈለገዋ ትቀመጣለች፤ የተረፈው ለወተትና ለቤንዚን ይሄዳል። ሌላው ሰው ሲኒማ ሲሄድ እነሱ ኒኬል እያገላበጡ ተዋደዱ። ልጅ አልወለዱም፤ ያ ፎጣ ግን ሲያልቅ በሌላ እየተተካ እስከ ሽምግልና ዘለቀ።

የተመረጡት የሚገቡት ሰማያዊ የካርቶን ማኅደር ውስጥ ነው። ለየዓመቱ አንድ ክብ ቀዳዳ አለው፤ ኒኬሏን አስቀምጠህ በአውራ ጣት ጫን ስትላት ጥርቅም ብላ ትገባለች። ደንብ ያወጣችው አርሊን ናት። ደንቡም አጭር ነው፦ ከኪስ ያልወጣ አይገባም።

"ገዝቶ መሙላትማ ማን ያቅተዋል?" ትላለች። "ዓሣ ከሱቅ ገዝቶ 'አጠመድኩ' እንደማለት እኮ ነው።"

ቀልዷን እንዳልሆነ ወንድሟ ሮይ ያውቀው ነበር። አንድ ገና ላይ የጎደላትን ኒኬል ከነጋዴ ገዝቶ፣ በሚያምር ወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት። አገላብጣ ሳመችው፣ አመሰገነችው። በማግስቱ ነዳጅ ማደያ ሄዳ በዚያችው ኒኬል ማስቲካ ገዛች። ሮይ እስኪሞት ድረስ "ያቺ ማስቲካ ስንት እንዳወጣች ታውቃላችሁ?" እያለ ያማት ነበር።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል? ቀዳዳዎቹ ተሞልተው ተሞልተው አንዲት ብቻ ቀረች፦ የሃምሳዋ ዲ። አርሊን በተወለደችበት በ1950 ዴንቨር ባለው የሳንቲም ማምረቻ የተሠራችው፣ ከጀርባዋ ከተቀረጸው ቤት አጠገብ የዴንቨር ምልክት የሆነች ትንሽ የዲ ፊደል ያለባት። በዚያ ዓመት ዴንቨር ጥቂት ብቻ ሠርቶ ነበርና ወሬውን የሰማ ሁሉ ከባንክ አፍሶ ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈባት። ኪስ ሳታውቅ አረጀች። ዛሬ ነጋዴ ቤት የምትገኘው ሁሉ ትላንት የተሠራች ይመስል ታብረቀርቃለች፤ መልስ ተቀብለህ የምታገኛት ግን የለችም።

"የራሴን ልደት እኮ ነው ያጣሁት" ትላለች አርሊን እየሳቀች። ሳቋ ግን ከዓመት ዓመት አጠረ።

አንድ ጸደይ ላይ ዓይኗ ያስቸግራት ጀመር። ሐኪሙ የምታየው ነገር መሃል ለመሃሉ እየጠፋ እንደሚሄድ፣ ዳር ዳሩ ብቻ እንደሚቀርላት ነገራት። ወደ ቤት ሲመለሱ ዴልበርት መሪውን ጨብጦ መንገዱን ብቻ እያየ ነዳ። አርሊን አንገቷን እንደ ዶሮ ዘንበል አድርጋ ስታየው ቆየችና፣

"ፊትህ መሃሉ ጠፋብኝ፤ ጆሮህ ግን ፍንትው ብሎ ይታየኛል" አለችው። "ደግነቱ ካንተ የሚያስፈልገኝ እሱ ነው።"

ሳቁ። ቤት ገብታ ኮቷን ስትሰቅል ግን ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ "በረዶው እስኪመጣ ማንበብ ከቻልኩ ተመስገን ነው። የሃምሳዋን ሳላያት እንዳይጨልምብኝ ነው የምፈራው፣ ዴል" አለች። ዴልበርት ወደ ጓሮ ወጥቶ ለረጅም ጊዜ የሌለ እንጨት ሲፈልግ ቆየ።

በሳምንቱ ወንዙን ተሻግሮ የድሮ ሳንቲም ነጋዴው ፕሩዊት ሱቅ ገባ። ፕሩዊት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚውል፣ ሳንቲም በጣት ሲነካ ያየ እንደሆነ የሚያመው ሰው ነው።

"የሃምሳዋን ዲ ስጠኝ።"

"አርሊን ታውቃለች?"

"ምን አገባህ?"

"ገደለችህ በለኛ!" አለና አንዲት የምታብረቀርቅ አወጣለት። "በጠርዟ ያዛት፣ በጠርዟ! ይህቺ ሰው ነክቷት አያውቅም።"

ዴልበርት ተቀብሏት ሱሪው ኪስ ውስጥ ከቁልፎቹ ጋር ጨመራት። ፕሩዊት ጮኸ።

"አንተ ሰውዬ! ጤና የለህም እንዴ? ትቧጨራለች እኮ! ዋጋዋን እኮ ገደልከው!"

"እንድትቧጨር ነው የምፈልገው" አለ ዴልበርት። "ሚስቴ ዓይኗ ቢደክም ጣቷ አልደከመም። አዲስ ሳንቲም በጨለማ ታውቃለች። ኪስ የኖረች ካላስመሰልኳት ማስቲካ ትገዛባታለች።"

ፕሩዊት መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አፍንጫው ላይ አደረገና ትንሽ አየው። "በል ሂድ" አለው። "ሳር ስታጭድም ያዛት። ላብ ያፈዛታል።"

በጋውን ሙሉ ያቺ ኒኬል ከዴልበርት ጋር ሳር አጨደች፣ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፣ አጥር ጠገነች። እሱም ሰው በሌለበት ያወጣና በአውራ ጣቱ ያሻታል። ፈዘዝ፣ ለስለስ እያለች መጣች። አንድ ጭንቅ ግን ነበረበት። ቤት ውስጥ ልብስ የምታጥበው አርሊን ናት፤ ከኪስ የወጣ ሳንቲም ደግሞ የአጣቢዋ ነው። ምድር ቤት ካለው ማጠቢያ አጠገብ ማሰሮ አላት፤ ያገኘችውን እዚያ ትጨምራለች። ስለዚህ ዴልበርት በእጥበት ቀን ማለዳ ተነስቶ ኒኬሏን ከሱሪው ወደ ጃኬቱ ያሻግራል። ባለቤቱን የፈራ ሌባ ይመስል በገዛ ቤቱ በጣቱ ጫፍ ይሄዳል።

አንድ ቀን ግን ጎረቤት ዛፍ ወድቆበት ለእርዳታ ጠሩትና ረሳው። ትዝ ያለው መጋዝ ይዞ ዛፉ ላይ ሳለ ነው። መጋዙን ጥሎ እየሮጠ መጣ። ሱሪው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታጥፎ ተቀምጧል። እጁን ኪሱ ውስጥ ሰደደ። አለች!

"ተመስገን!" አለ።

ከዚያ ምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ አለና ነገሩ ገባው። አርሊን እኮ ኪስ ውስጥ የቀረች ክር እንኳ የማታመልጣት ሴት ናት። አሁን ኒኬል የሚያህል ነገር አለፋት ማለት ዓይኗ ብቻ አይደለም፤ ጣቷም ደከመ ማለት ነው። ያ ትልቅ ሰው ፊቱን በንጹህ ሱሪው ሸፍኖ አለቀሰ።

"ዴል? ምን ሆንክ?" አለች ከላይ።

"ጉልበቴ ነው!" አለ። ጆሮው ፍም መሰለ፤ ደግነቱ የሚያይ አልነበረም።

በረዶው በጊዜው መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ዴልበርት እንደ ልማዳቸው ባንክ ሄዶ በወረቀት የተጠቀለሉ ኒኬሎች ገዛ። ሰዎች ቤታቸው በእጃቸው የጠቀለሉትን መረጠ፤ ከአሮጌ ማሰሮ የወጣ ደህና ነገር የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነውና። መኪናው ውስጥ አንዱን ጥቅል ከጫፉ ፈትቶ፣ የሃምሳዋን መሃል ሊያስገባ ሲል በዚያ በወፍራም ጣቱ ኒኬሉን ሁሉ መቀመጫ ሥር አፈሰሰው። እዚያ በረዶ ላይ ተንበርክኮ ሲለቅም አላፊ አግዳሚው "ምን ጠፋብህ?" ቢለው፣ "ምንም!" እያለ ለቀመ፣ እንደገና ጠቀለለ።

ቤት ሲገባ ፎጣው ተነጥፏል፤ የዶሮ ሾርባው ተጥዷል። አርሊን ማጉያ መነጽሯን ይዛ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ እየፈታች በጣቷ ትዳስሳለች።

"ይህቺ የልጅ እጅ የከረመች ናት፤ ከረሜላ ከረሜላ ትላለች። ይህቺ ደግሞ የዓለም ጦርነቱ ጊዜ ናት፤ ድምፅዋን ስማ፣ ያኔ ብር ይቀላቅሉባት ነበር።"

ዴልበርት ማማሰል የማያስፈልገውን ሾርባ ያማስላል። የሃምሳዋ ያለችበትን ጥቅል ስትፈታ ሲያይ ማማሰሉን አፈጠነ። አርሊን አንዷን አነሳች። ጣቷ ቆመ። ማጉያውን አስጠጋች፣ አንገቷን ዘንበል አደረገች።

"ሃምሳ" አለች ቀስ ብላ። ገለበጠቻት። እንደገና ዘንበል፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ። "ዲ። ዴል፣ ዲ ናት። አየኋት! በዓይኔ አነበብኳት!"

መዳፏ ውስጥ ጨብጣ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። እንባዋ ወረደ። የእሱም ወረደ፤ ማማሰያውን እንደያዘ ማኅደሩን ሊያመጣ ተራመደ።

"ቆይ" አለች። "እስቲ ወደ ብርሃኑ ዙር። ጆሮህን ላየው።"

ዴልበርት ጆሮውን በእጁ ሸፈነ። "በርዶኝ ነው።"

"ዴልበርት ሃች፣ ሱሪህን የሚያጥብልህ ማን ይመስልሃል?"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለዴልበርት ግን በአንዴ ፈነዳበት። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

"አውቀሽ ነው ኪሴ ውስጥ የመለስሻት?"

"እና ምን ላድርጋት? መጀመሪያ ሳገኛት ጠርዟ ይቆርጥ ነበር።"

"አንዴ እኮ ነው የረሳሁት! ሌላ ጊዜ ጃኬቴ ውስጥ..."

"ጃኬትህንስ ማን ነው የሚሰቅለው?" ሳቀች፣ አፍንጫዋን በሽርጧ ጠረገች። "በየሳምንቱ እዳስሳት ነበር። በየሳምንቱ ትለሰልሳለች። የሰው ባል አበባ ገዝቶ ይገባል፤ የእኔው እብድ ኒኬል ያሻል እያልኩ እመልሳታለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፣ ዴል። ልነግርህ እፈልግና ደስታዬ እንዳያልቅብኝ እተወዋለሁ።"

ዴልበርት ጎንበስ አለ። "ታዲያ ነዳጅ ማደያ ልትወስጃት ነው?"

"ደንቡ ምን ይላል?"

"ከኪስ ያልወጣ አይገባም።"

"ይህቺ ከኪስ ወጥታለች" አለች አርሊን። "ያወጣኋት ደግሞ እኔ ነኝ። ስንቴ እንዳወጣኋት አንተ አታውቅም። አምጣው ማኅደሩን።"

አመጣው። የቀረችው ቀዳዳ ልክ ዓይኗ ከጠፋበት መሃል ላይ እየዋለች አልታይ አለቻት። ዴልበርት አውራ ጣቷን ይዞ ቦታው ላይ አሳረፈላት። ጫን አለች። ኒኬሏ ጥርቅም ብላ ገባች። ሁለቱም እጃቸውን እዚያው ላይ አቆዩ።

"አሁን ቁልፎችህን ወደ ጃኬትህ አዙራቸው" አለች አርሊን ሾርባውን ልትቀዳ እየተነሳች። "ኪስህን እየበሱ አስቸገሩኝ። ኒኬሏ ሾልካ እንዳትጠፋብህ ስሰፋ ነው የከረምኩት።"

ዴልበርት እጁን ሱሪው ውስጥ ሰዶ ኪሱን ወደ ውጭ ገለበጠው። ጫፉ በቀይ ክር ተሰፍቷል፤ ሱሪው ሰማያዊ ነው። ስፌቱ ትልልቅ፣ የተጣመመ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረበ ነበር።