ፈተናው ላይ የሌለው ጥያቄ

እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን የልጆች ክፍል ውስጥ፣ ጉልበቴን ከአገጬ በሚያገናኝ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጬ የአሜሪካን ታሪክ አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ የዜግነት ፈተና የሚጠብቁ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። አገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነበርኩ። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ወዲህ ግን ሥራዬ መንገደኞችን ከመኪና ማቆሚያ ወደ ኤርፖርት ማመላለስ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚጠይቀኝ ቢኖር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ብቻ ነው። እሑድ ግን "መምህር" እባላለሁ። ለዚያች ስም ስል ትኩሳት ይዞኝ እንኳ ቀርቼ አላውቅም።

ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም። ከዚህ በታች የማወራውን ጥፋት የሠራው ያልተማረ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቅር እለው ነበር። የሠራው ግን የሚያውቅ ሰው ነው።

ከተማሪዎቼ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ነበሩ። ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲሁ ነው። ከስደተኞች ካምፕ መጥተው ክላርክስተን ከገቡ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ሆቴል ውስጥ አልጋ ሲያነጥፉ ኖረው በመጨረሻ ወገባቸው እምቢ አለ። ቤተ ክርስቲያናችን የተጀመረችው በእሳቸው አፓርታማ ሳሎን ውስጥ ነው። ሶፋውን ወደ ኩሽና እየገፉ፣ ጎረቤት ግድግዳ ሲደበድብ የመዝሙሩን ድምፅ እየቀነሱ፣ ሰባት ሰዎች ሆነው ጀመሩ። እኔ ስደርስ አዳራሽ ተከራይተን ነበር፤ ከእሳቸው ቤት በእግር ስምንት ደቂቃ ቢሆን ነው። መኪና አይነዱም።

ፊደል አልቆጠሩም። "መሃይም ዐይኔ ነው፤ ጆሮዬስ ተምሯል" ይላሉ። ዕድሜያቸውና እዚህ የኖሩበት ዘመን ስለሚፈቅድላቸው የሚፈተኑት በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ ነው። አንዴ የነገርኳቸውን አይረሱም፤ ያለ አስተያየት ግን አያልፉም። ስለ መጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ሳስተምር፣ አንዳንዶቹ ገና ከመርከብ ሳይወርዱ እንዴት እንደሚተዳደሩ ውል ጽፈው ፈረሙ ብዬ ነገርኳቸው። "ብልሆች ናቸው" አሉ። "ከወረዱ በኋላማ ማን ይስማማል።" የእንግሊዝ ንጉሥ ቅኝ ግዛቶቹን ግብር ክፈሉ እያለ በምክር ቤቱ ግን የሚናገርላቸው ወኪል እንደነፈጋቸው ስነግራቸው ደግሞ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ "ክፈል ግን አትናገር ተብሎ ማን ዝም ይላል? እኔም አልልም" አሉ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

አንድ እሑድ ሕገ መንግሥቱ ላይ ደረስን። ሦስቱን የመጀመሪያ ቃላት፣ "ዊ ዘ ፒፕል"ን፣ በልጆቹ ቀለም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ ትርጉሙንም "እኛ ሕዝቡ" ብዬ ከሥሩ አሰፈርኩ። ሁሉም እየተከተለ አለ። እማማ ብቻ አላሉም።

"መምህር፣ እኛ ያሉት እነማን ናቸው?" አሉኝ። "ሴቶቹም አሉበት? ባሮችም ነበሩ ብለኸናል፤ እነሱስ?"

መልሱን አውቀዋለሁ። አገር ቤት ብሆን ለዚያ ጥያቄ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እሰጠው ነበር። ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በመኪና ከግማሽ ሰዓት በላይ በምትርቀው ማሪዬታ ስብሰባ ነበረብኝ፤ የመኪናዬ ቁልፍ ከእጄ ላይ ነው።

"እማማ፣ ይሄ ፈተናው ላይ የለም" አልኳቸው።

"እሺ ልጄ" አሉ።

የምሮጥበት ስብሰባ የመተዳደሪያ ደንብ አርቃቂ ኮሚቴ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን እያደገች ሄዳ አዳራሹ ጠበበን፤ ማሪዬታ ውስጥ ሰፊ ሕንፃ ተገኘ። እዚያ ለመዛወር ጉባኤው ድምፅ መስጠት አለበት፤ ድምፅ ለመስጠት ደግሞ አባል ማን እንደሆነ የሚናገር ደንብ ያስፈልጋል። አንድ ገጽ የማትሞላ አሮጌ ደንብ ነበረችን። እሷን አሻሽሉ ተብለን አምስት ሰዎች ተመረጥን፤ እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። የምንሰበሰበው ማሪዬታ፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት ባለው በሰብሳቢያችን ቤት ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነው።

አሁን ሳስበው ፊቴ ይሞቃል፤ በዚያ ቤዝመንት ውስጥ ራሴን ፊላዴልፊያ ተሰብስበው የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ካረቀቁት ሰዎች ጋር አስተያየው ነበር። እነሱም አሮጌውን አሻሽሉ ተብለው ተልከው፣ በበጋ ሙቀት በርና መስኮት ዘግተው አዲስ ጻፉ። ይህንኑ ለኮሚቴው አወራሁላቸው። ሰብሳቢው "እኛ ኤሲ አለን" ብሎ አሳቀን።

ክርክሩ የመጣው አባልነት ላይ ስንደርስ ነው። ሰብሳቢው፣ "ሊስቱ ክሊን መሆን አለበት። ኦንላይን ፎርሙን ሰብሚት ያደረገ አባል ነው፣ ያላደረገ አይደለም፤ ሲምፕል" አለ። አንዷ የኮሚቴ አባል፣ ክላርክስተን ያሉ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ፎርም የሚባል ነገር እንደማያውቁ ተናገረች። "ሁለት ወር ዴድላይን እንሰጣቸዋለን። የሚረዳቸው ሰው አይጠፋም" አላት ሰብሳቢው። ሁሉም እኔን አዩ፤ የሚያስተምራቸው እኔ ነኝና። "አይጠፋም" አልኩ።

አንቀጹን በዚያው ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። የተዋበ አማርኛ ነበር። ሰብሳቢው ጮክ ብሎ አነበበና "መምህር፣ ብዕርህ ይባረክ" አለኝ። እስከ ቤቴ ድረስ ፈገግ እያልኩ ነዳሁ።

በዚያው ሰሞን የሕንፃው ባለቤቶች ምእመኖቻችሁ ስንት ናቸው ብለው ጠየቁ። የመልሱን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቁጥራችን ከፍ እንዲል ሁሉንም ቆጠርኩ፤ ሕፃናቱን፣ እማማን፣ ፎርም ያልሞሉትን ሁሉ። ጽፌ ስጨርስ እጄ ቆመ። ባሮቹን ለምክር ቤት ወንበር ሲሆን ቆጥረው፣ ለድምፅ ሲሆን የተዉትን ሰዎች ታሪክ ከሁለት ሳምንት በፊት ራሴ አንብቤው ነበር። ከዚያ ደብዳቤውን ላክሁት።

ባለቤቴ ነርስ ረዳት ናት፤ ነገር አትረሳም። "የእማማን ፎርም ፊል አደረግክላቸው?" ብላ ጠየቀችኝ። በሚቀጥለው እሑድ አልኳት። ሌላ ጊዜም ጠየቀችኝ፤ ስልኬ ቻርጅ አልነበረውም አልኳት። ሦስተኛውን ጊዜ ዴድላይኑ አልፎ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ነገሩ የስልክ ቻርጅ እንዳልነበረ አውቅ ነበር። የክላርክስተን አዛውንት ድምፅ ከሰጡ መዛወሩን እንደሚቃወሙ ማንም ያውቃል። የእኔ ቤት ደግሞ ከማሪዬታ አሥር ደቂቃ ነው። ክላርክስተን ድረስ በዚያ የመኪና ሰልፍ መንዳት ሰልችቶኝ ነበር። ይኸው ነው እውነቱ።

ጉባኤው የተጠራ ዕለት እማማ ከሁሉ ቀድመው መጥተው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ሰብሳቢው ወደ ማሪዬታው ሕንፃ እንዛወር የሚሉ እጅ ያውጡ ከማለቱ በፊት፣ ድምፅ የሚሰጡት ስማቸው ዝርዝሩ ላይ ያለ ብቻ እንደሆኑ ተናገረ። ጉርምርምታ ተነሣ። "ጸሐፊያችን አንቀጹን ያንብብልን" አለ።

ተነሥቼ አነበብኩ። እንዲያ የተኩራራሁበት አማርኛ እንደ ድንጋይ እየከበደ ነው ከአፌ የወጣው። ስጨርስ እማማ ካሉበት ሆነው፣ "መምህር፣ እኔ አለሁበት?" አሉኝ። ጥያቄያቸው የቁጣ አልነበረም። እንደ ክፍላችን ጥያቄ ነበር የጠየቁኝ።

"እማማ፣ ፎርሙን... ስላልሞሉ..." አልኩ። ፎርሙን እኔ ስላልሞላሁላቸው ነው ማለት እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ጉባኤውን ለሳምንት ማዘግየትም ይቻል ነበር። ወረቀቱን አጠፍኩት።

ጥቂት አዩኝና፣ "ገባኝ። ፈተናው ላይ የለሁም ማለት ነው" አሉ።

ከተማሪዎቼ ሁለት ሦስቱ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እማማ ቦርሳቸውን አንሥተው፣ የማንንም ክንድ ሳይይዙ፣ ወደ ኋላ ሄደው መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሌሎቹም እየተነሡ ተከተሏቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን አልተከፈተችም፤ እኔም ወረቀትና እስክሪብቶዬን ይዤ እጅ መቁጠር ጀመርኩ።

መዛወሩ በሦስት ድምፅ ብልጫ አለፈ። የኋላው አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ስምንት ነበሩ። ይህን ማንም አላነሣውም፤ እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ አልጻፍኩትም።

ማሪዬታ ከገባን በኋላ አራት እሑድ እማማን በመኪናዬ ወሰድኳቸው። ከዚያ የሥራ ሺፍቴ ተቀየረ፤ ቢያንስ ለእሳቸው የነገርኳቸው እንደዚያ ነው። "አትቸገር ልጄ፣ በስልክ እከታተላለሁ" አሉኝ። የፎቅ ጎረቤታቸው ልጅ ስልካቸውን እየከፈተችላቸው፣ በሃያ ዓመት የገነቡትን አምልኮ ከመዳፍ በማይበልጥ መስታወት ያዩት ጀመር። የዜግነት ትምህርቱም ቀረ። ማሪዬታ ፈተና የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔም "መምህር" ሲሉኝ መስማት አስጠላኝ።

የቃለ መጠይቃቸው ቀን ሲደርስ ግን ቀድሞ የገባሁት ቃል ነበርና ባለቤቴን ይዤ ሄድኩ። እሷ ታስተረጉማለች፣ እኔ እነዳለሁ። እማማ ከኋላ ተቀመጡ። መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው ሲቆም እንለማመድ አልኳቸው። አሥራ ሦስቱ ግዛቶች የተዋጉት ከማን ጋር እንደሆነ፣ የነፃነት አዋጁ ምን እንዳደረገ፣ የመንግሥቱ ሥልጣን በስንት ክፍል እንደተከፈለ ጠየቅኋቸው። አንዱንም አልሳቱም። ሦስቱን ቃላት ስጠይቃቸው በእንግሊዝኛ መለሱልኝ።

ከዚያ ሳይጠይቁኝ ነገርኳቸው። እኛ ያሉት በአብዛኛው መሬት ያላቸው ነጭ ወንዶች እንደነበሩ፣ ሴቶቹ እንደሌሉበት፣ አገሩን ቀድመው የያዙት ነባር ሕዝቦች እንደሌሉበት፣ ባሮቹን ደግሞ አምስቱን እንደ ሦስት ሰው ቆጥረው ወንበር እንዳበዙባቸው፣ ድምፅ ግን እንዳልሰጧቸው። ዐይኔን ከፊቴ ካለው መኪና አላነሣሁም።

"ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?" አሉ።

"ቸኩዬ ነበር እማማ።"

"አዎ፣ ስብሰባ ነበረህ" አሉ።

ባለቤቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞረች። እኔ ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ከኋላ ጡሩንባ ነፉብኝ፤ ነዳሁ።

ፈተናውን አለፉ። አንድም ጥያቄ አልሳቱም አለችኝ ባለቤቴ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለመሐላው ሦስታችንም ሄድን። እማማ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው፣ አፋቸው የሚደርስበትን ያህል እየተከተሉ ማሉ። ትንሽ ባንዲራ ተሰጣቸው። ስንወጣ በሩ አጠገብ በጎ ፈቃደኞች ጠረጴዛ ዘርግተው አዲስ ዜጎችን ለምርጫ ይመዘግባሉ። አንዲት ወጣት ልጅ እማማን በፈገግታ ጠራቻቸው፣ ወንበር ሳበችላቸው። ባለቤቴ እያስተረጎመች ልጅቷ ስማቸውን ጠየቀች፣ ጻፈች። አድራሻቸውን ጠየቀች፣ ጻፈች። የተወለዱበትን ጠየቀች፣ ጻፈች። የሚፈርሙበትን በጣቷ አሳየቻቸውና እማማ የለመዷትን ምልክት አኖሩ። እኔ ከጎን ቆሜ ነበር። ያ ሁሉ ሲሆን የያዝኩት ቡና እንኳ አልቀዘቀዘም።

"አለቀ?" አሉ እማማ።

"አለቀ፤ ድምፅ መስጠት ይችላሉ" አለች ባለቤቴ።

ከወንበራቸው ሳይነሡ ቀና ብለው አዩኝ። "መምህር፣ ፎርም የሚባለው ይሄ ነው?"

"አዎ እማማ።"

"የቤተ ክርስቲያኑም እንዲህ ነበር?"

"ከዚህ ያጥራል" አልኳቸው።

ባንዲራዋን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና፣ ደረጃውን ለመውረድ የባለቤቴን ክንድ ያዙ።