በጠበል የጮኸችው ሣጥን

ነገሩ ከሆነ ሦስት ክረምት አልፏል። ያኔ ወረታ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ዛሬም ዝናብ ሲጥልና ሰው መስኮቱን ሲዘጋ ባየሁ ቁጥር ያ ግቢ ትዝ ይለኛል።

የተከራየሁት ቄስ ባዬ ግቢ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። በዚያ ክረምት የቤት አየር የምትመረምር ትንሽ መሣሪያ እሠራ ነበር። አሠራሯ ቀላል ነው፦ ጋዝ የሚለይ ዳሳሽ፣ ዳሳሹ ያገኘውን የሚያነብ ሰሌዳ፣ አየሩ ሲበከል የሚጮህ ደወል። ሁሉንም ጎኑን በበሳሁት የምሳ ዕቃ ውስጥ ከተትኳቸው። መጀመሪያ ላይ ለጭስ ሁሉ ትጮህ ነበር። እትዬ ብርቄ ሽንኩርት ባቁላሉ ቁጥር "ኧረ ይችን አልቃሻሽን አባብያት!" ይሉኛል።

ስለዚህ ለከሰል ጋዝ ብቻ እንድትጮህ አስተካከልኳት። ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፤ ሰው ይሸሸዋል። የከሰል ጋዝ ግን ሽታም ቀለምም የለው። ሰው ብርድ የመታው እየመሰለው ያንቀላፋል።

ነሐሴ ላይ ልጃቸው ትርንጎ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ከአንበሳሜ ወደ እናቷ መጣች። ሴት ልጅ ወለደች። አራሷን ብርድ እንዳይመታት መስኮቱ በጨርቅ ተወተፈ፤ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቀለ፤ ከሰል የሞላ ማንደጃ ገባ።

ፈራሁ። መስኮቱ ትንሽ ይከፈት ብዬ ለመንኩ።

"ወልደሽ ታውቂያለሽ?" አሉኝ እትዬ ብርቄ።

"አላውቅም።"

"እንግዲያው ዝም በይ።"

ቢያንስ ሣጥኗ ትግባ አልኩ። ክርስትና ያልተነሣች ሕፃን ያለችበት ቤት ምንነቱ ያልታወቀ ነገር አይገባም ተባልኩ። ያስታረቁን ቄስ ባዬ ናቸው። "ጠበል ትረጭና ትግባ" ብለው ከጣራ ገዳም የመጣውን ጠበል አመጡ። እኔ "ቀስ ብለው፣ አባ!" እያልኩ ረጯት። ውኃው በቀዳዳዎቹ ገባ። በጨርቅ ጠራርጌ አራሷ ክፍል ሰቀልኳት።

ብዙም ሳትቆይ ጮኸች።

እትዬ ብርቄ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ያዛት! ጠበሉ አስለፈለፋት!"

ቄስ ባዬ ከበሩ ሆነው ወደ ሣጥኗ ዞሩና "ማን ነሽ? ተናገሪ!" አሏት። ሳቅን። ትርንጎ ብቻ አልሳቀችም። ራሷን እንዳመማት ተናግራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ብርዱ ነው" አሉ እናቷ፤ ከሰል ሊጨምሩ ተነሡ።

እኔም ውኃው አበላሽቷታል ብዬ ላደርቃት ወደ በረንዳ ይዣት ወጣሁ። ዝም አለች። መልሼ ሳስገባት ጮኸች። እንደገና አወጣኋት፤ ዝም። ውኃ ያበላሸው ዕቃ ደግሞ ቦታ አይመርጥም። ያኔ ነው የገባኝ።

"እትዬ፣ ልጅቷን ይዘው ይውጡ! አሁኑኑ!"

እንደዚያ ጮኼባቸው አላውቅም። ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልለው ወጡ። እኔና ቄስ ባዬ ትርንጎን ደግፈን አወጣናት። ጉልበቷ አልቆም አለ፤ በረንዳው ላይ አስመለሳት። ሕፃኗ ግን ዝም ብላለች። እትዬ ብርቄ "እመቤቴ፣ እመቤቴ" እያሉ ጉንጯን መታ መታ ያደርጋሉ። ከጣሪያው የሚወርደው የዝናብ ጠብታ ፊቷ ላይ ሲያርፍ አለቀሰች። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስናቸው፤ ሁለቱም ዳኑ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ብርቄ አራስ ሊጠይቁ በሄዱበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርጉት መስኮት መክፈት ሆነ። የምትቆጣቸው ብትኖር እንኳ "አንቺ የደረሰብኝን ታውቂያለሽ?" ይላሉ አሉ።

አሁን ደብረ ታቦር ተዛውሬያለሁ። ቄስ ባዬ ዳዊት ሲደግሙ በግድግዳው በኩል የሚሰማኝ ድምፅ፣ በውኃ በተሸፈነው የሩዝ ማሳ ላይ የሚወርደው ዝናብ ይናፍቀኛል። አንዳንዴ ትርንጎ ጋ እደውላለሁ። "እንኪ፣ አክስትሽ ናት፣ አናግሪያት" ብላ ስልኩን ለልጇ ትሰጣታለች። ልጅቷ ዓይን አፋር ናት፤ አንዲት ቃል አይወጣትም። የሚሰማኝ ትንፋሿ ብቻ ነው። እኔም ተናገሪ አልላትም፤ ዝም ብዬ እሰማታለሁ።