ካሣነሽ ድዷን የተነቀሰች ሰሞን

መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ካሣነሽን የማያውቅ አልነበረም፤ ስትስቅ ያያት ሰው ግን ጥቂት ነው። ሳቅ ሲመጣባት የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ትወስዳለች። ነጠላው በእጇ ካልሆነ በመዳፏ ትሸፍናለች። ድዷ ቀይ ነበር፤ ቀይ ብቻ ሳይሆን ሰፊ፤ ከንፈሯ ደግሞ ስስ ስለሆነ አይሸፍነውም። ልጅ ሆና ወንዝ ስትወርድ እኩዮቿ «ጥሬ ሥጋ» ይሏት ነበር። በእኛ አገር የሴት ልጅ ጥርስ የሚያምረው ድዷ ሲጠቁር ነው ይባላል፤ ለዚህ ሲባል ልጃገረዶች ከሠርጋቸው በፊት ይነቀሳሉ። የካሣነሽ እናት ግን ቀድመው ስለሞቱ ይህን ያሰበላት አልነበረም። ያለ ንቅሳት ተዳረች፤ ያለ ንቅሳትም ፈታች።

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ከቆጠሩት የቀበሌያችን ሴቶች መካከል ቀድማ ማንበብ የቻለችው እሷ ናት። በ1973 ዓ.ም. የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ አድርገው መረጧት። ጽሕፈቱን ወደደችው። አስቸጋሪው ጸሐፊ የተባለ ሰው ቆሞ መናገርም ያለበት መሆኑ ነው። አንድ ቀን የስብሰባ ውሳኔ ስታነብ፣ ከኋላ ወንበር አስካለ የምትባል ጠላ ሻጭ ድምጿን ከፍ አድርጋ፦

«ጓዲት ካሣነሽ! የምትነጋገሪው ከእኛ ጋር ነው ወይስ ከነጠላሽ ጋር?» አለቻት።

አዳራሹ ሳቀ። ካሣነሽም ሳቀች፤ ያው ሸፍና። ማታውን ግን እህል አልበላላት አለ።

አፏን ሳትሸፍን የምትስቀው ሀኒፋ ፊት ብቻ ነበር። ሀኒፋ ጎረቤቷ ናት፤ ገበያ ውስጥ ክርና መርፌ፣ ኩልና ጨው የምትሸጥ እስላም ነጋዴ። የስብሰባውን ነገር ስትነግራት ሀኒፋ አላዘነችላትም።

«እኔ አንቺን ብሆን ይኼኔ እትዬ አልጣሽ ዘንድ ሄጄ ነበር።»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«ድድ ዕድሜ አለው እንዴ? ሂጂ። ወላሂ መርፌውን እኔ ነኝ የምሰጥሽ።»

እትዬ አልጣሽ በንቅሳት የሚተዳደሩ ባልቴት ነበሩ። በእስቴ ወረዳ ግንባሯ ላይ መስቀል፣ አንገቷ ላይ ሐብል የተነቀሰች ሴት ሁሉ ማለት ይቻላል በእሳቸው እጅ ያለፈች ናት። እጃቸው ቀላል ነው ይባልላቸዋል። ካሣነሽ ሐሙስ ዕለት፣ ሰው በማይበዛበት በጓሮ መንገድ ዞራ ገባች። ባልቴቷ ከኩራዝ ላይ የሰበሰቡትን ጥቀርሻ በገል አዘጋጅተው፣ መርፌዎቹን በክር አንድ ላይ እያሰሩ አፏን አስከፍተው አዩት።

«ይሄ በሁለት ጊዜ ነው የሚሠራው» አሏት። «ዛሬ የላዩን፣ ሲድን ደግሞ የታችኛውን።»

«አንዴ ይለቅልኝ፣ እትዬ። ሁለተኛ ለመምጣት ድፍረቱም አይኖረኝ።»

«ያብጣል። ብዙ ነው የሚያብጠው።»

«ስንት ቀን ይቆያል?»

«እብጠቱ? በወጉ የተሠራ እንደሆነ ሦስት ቀን። እንዳንቺ ለቸኮለች ግን እኔ እንጃ። ጥቁረቱ ሰባት ዓመት ንቅንቅ አይልም። መደብዘዝ ሲጀምር ትመጪና እደግምልሻለሁ፤ ዕድሜ ከሰጠኝ።»

ከዚያ በኋላ መናገር አልነበረም። መርፌው ሲወርድ፣ ደሟ ሲተፋ፣ ጥቀርሻው በአውራ ጣት ሲታሽ ዋለ። እትዬ አልጣሽ እየሠሩ «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ» ይሏታል። ካሣነሽ እናቷ ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ያላት ሰው እንዳልነበረ ያን ጊዜ ትዝ አላት።

ዓርብ ጠዋት መስታወት ብታይ ሌላ ሴት አየች። ያ ክር የመሰለ ከንፈሯ ሞልቶ፣ ተወጥሮ፣ ወደ ውጭ ወጥቷል። ቢያማትም ደጋግማ አየችው። ሀኒፋ የቀዘቀዘ የአብሽ ውኃ ይዛላት ስትገባ በሯ ላይ ቆመች።

«አንቺ! ዛሬ ገና ከንፈር አወጣሽ! እንዲህ ሆኖ ቢቀር ሁለተኛ ባል በደጅሽ ይሰለፍ ነበር።»

«አታስቂኝ፣ ያመኛል» አለች ካሣነሽ። ቃሉ ከአፏ የወጣው ተድበልብሎ ነው። በልቧ ግን ጥቂት ቀን ቢቆይ ብላ ተመኘች። በኋላ ያን ምኞቷን ስታስበው ብቻዋን ሆና እንኳ ፊቷ ይቀላ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት የቀበሌው ጥበቃ ከወረዳ የመጣ ወረቀት አመጣላት። በማግስቱ እሑድ የሴቶች ስብሰባ አለ። ርእሱ ኋላ ቀር ልማዶችን ስለማስወገድ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ንቅሳት። ጽሑፉን የምታነበው ጸሐፊዋ ናት። ነቃሽዋ አልጣሽም ከነመርፌያቸው እንዲቀርቡ ታዘዋል።

ካሣነሽ ወረቀቱን ይዛ ሀኒፋ ቤት ገባች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነበበችላት።

«ታመምኩ በያ» አለች ሀኒፋ።

«ጤና ጣቢያ ይልኩኛላ። እዚያስ መጀመሪያ የሚሉኝ ምን ይመስልሻል? አፍሽን ክፈቺ!»

«ታዲያ እውነቱን ተናገሪ።»

«ጸሐፊዋ እኮ ነኝ፣ ሀኒፋ! ሌላውን የማስተምር እኔ ነኝ። ከሥራው ብባረር ግድ የለኝም፤ የምፈራው ያን ሁሉ ሴት ፊት ቆሜ የምስቅባቸው መስሎ መታየቱን ነው። አስካለ እስከ ዕለተ ሞቴ አትተወኝም።»

ሌሊቱን በቀዝቃዛ ጨርቅ ስትይዘው አደረች። ሦስተኛው ቀን ደረሰ፤ እብጠቱ ግን እንዳለ ነው። ሁለቱን ድድ በአንድ ቀን ያስወጋችው ራሷ ናትና የምትከሰው ሰው አልነበራትም። ጥርሷን የታመመች መስላ አገጯን በሻሽ አሰረች፤ በላዩ ላይ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ሄደች።

አዳራሹ ሞልቷል። እትዬ አልጣሽ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ መርፌ የቋጠሩበትን ጨርቅ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ከወረዳ የመጣው ጓድ በላይነህ ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተላከበትን ለመጨረስ የቸኮለ ሰው ነበር።

«ጓዲት ካሣነሽ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ጥርሴን አሞኝ ነው።»

«በርቺ። በጥቂቱም ቢሆን ታነቢያለሽ።»

አነበበች። ንቅሳት የኋላ ቀርነት ምልክት እንደሆነ፣ መርፌው ከአንዷ ወደ አንዷ በሽታ እንደሚያሻግር፣ ያወቀች ሴት እንዲህ ባለ ነገር ገላዋን እንደማታስወጋ አነበበች። ቀና ስትል አንገታቸው የተነቀሰ ሴቶች አንድ በአንድ ነጠላቸውን እየሳቡ አንገታቸውን ሲሸፍኑ አየች። እናቶቻቸው ያሰቡላቸው ሴቶች ናቸው። በእሷ ንባብ ምክንያት እንደ እሷ ተሸፋፈኑ። ድምፅዋ ጠፋ።

«አይሰማም!» አለች አስካለ ከኋላ። ቀጥላም ወደ ፊት አንገቷን አስግጋ፦ «ኧረ ነጠላዋን እዩት! የምን ጥርስ ነው ጥቀርሻ የሚተፋው?»

ካሣነሽ ዝቅ ብላ አየች። በነጩ ነጠላ ላይ፣ አፏን በያዘችበት በኩል፣ ጥቁርና ቀይ ነገር ወጥቷል። አዳራሹ ውስጥ ሹክሹክታው እንደ ንብ ተነሣ። ጓድ በላይነህ ከጠረጴዛው ዞሮ መጣ።

«ጓዲት፣ እስቲ ነጠላውን አንሺው።»

ነጠላዋን ይበልጥ አጥብቃ ያዘች። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ያለችው ያን ጊዜ ነው። እትዬ አልጣሽ ከአግዳሚው ተነሡ።

«ተዋት፣ ልጄ። ያበጠ ጥርሷን ያየሁላት እኔ ነኝ። ከሰል አድቅቄ አደረግሁላት፤ ጥቁሩ እሱ ነው። የታመመ ሰው አፍ በአደባባይ አይገለጥም።» ቋጠሮውን ፈትተው መርፌዎቹን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «እኔን የጠራችሁኝ ለዚህ አይደለም? ይኸውላችሁ።»

የሰው ሁሉ ዓይን ወደ መርፌዎቹ ዞረ። አስካለም ልታይ ተነሣች። ጓድ በላይነህ ባልቴቷ ከእንግዲህ ለንቅሳት መርፌ እንዳይዙ ቃል አስገባቸው። ከዚያ ለስብሰባው ወግ ሲል ወደ ጸሐፊዋ ዞሮ፦

«አንቺስ ምን ትያለሽ? እኚህ እናት ሴቶቹን የሚጎዳ ሥራ ሠርተዋል ወይስ አልሠሩም?» ሲል ጠየቃት።

እትዬ አልጣሽ አዩዋት። አስተያየታቸው ልመናም ቁጣም አልነበረበትም፤ ሐሙስ ዕለት ድዷን እንዳዩበት ዓይን ነው፣ የቱ ጋ እንደሚያማት የሚፈልጉ መስለው።

«ሠርተዋል» አለች ካሣነሽ፣ ከነጠላዋ ሥር።

እብጠቱ በስድስተኛው ቀን ጠፋ። ከንፈሯ ወደ ስስነቱ ተመለሰ። ድዷ ግን እንደ ቁራ ክንፍ ጠቁሮ፣ ጥርሷ በላዩ ላይ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ሀኒፋ እንደምትለው በከተማው እንዲህ ያለ ንቅሳት አልታየም። ካሣነሽ ግን ለማንም አላሳየችውም። ድሮ ቀዩን ትሸፍን ነበር፤ አሁን ጥቁሩን ሸፈነች። ብትስቅ ያን ዕለት የዋሸችው ሁሉ በጥርሷ መካከል ይታያል። ዓመት ቆይታ ከጸሐፊነቱ እንዲያወርዷት ለመነች።

እትዬ አልጣሽ ሥራቸውን አጡ። ሙሽሮች በድብቅ ወደ ስማዳ በኩል ሌላ ነቃሽ ፍለጋ መሄድ ጀመሩ። ባልቴቷ ለሰው ጥጥ እየፈተሉ መኖር ያዙ። ገበያ ላይ ካሣነሽን ባገኟት ቁጥር ቆመው ይጠይቋታል።

«ደኅና ነሽ፣ ልጄ? ዳነልሽ?»

«ድኗል፣ እትዬ።»

ቢሰድቧት ኖሮ ይሻላት ነበር። ያቺን ጥያቄ ፈርታ የገበያውን መንገድ በዚያኛው በኩል መዞር ለመደች።

በ1980 ዓ.ም. ክረምት ሲወጣ፣ በመስታወት ውስጥ የታችኛው ድዷ ላይ ቀይ ነገር ብቅ ሲል አየች። ባልቴቷ ያሉት ዘመን ደርሷል። ለሀኒፋ ነገረቻት።

«እንግዲህ ሂጂ» አለች ሀኒፋ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ ስትይኝ ኖረሻል። አሁን ምክንያትም አገኘሽ።»

«አብረሽኝ ሂጂ።»

«እስከ ደጁ። ይቅርታሽን ግን እኔ አልጠይቅልሽም።»

ሀኒፋ ከአጥሩ ውጭ ቀረች። እትዬ አልጣሽ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ላይ ደመና የመሰለ ነገር ወጥቶበታል።

«ማነሽ?»

«ካሣነሽ ነኝ፣ እትዬ።» ተንበረከከች። መንገድ ላይ ያዘጋጀችውን ቃል ልትጀምር ስትል ባልቴቷ አገጯን ያዙ።

«ደበዘዘ? ክፈቺ እስቲ።»

ከፈተች። አውራ ጣታቸውን አስገብተው ድዷን ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያሉ ዳሰሱት፤ ዓይናቸው ስለማያይ ፊታቸውን በጣም አስጠግተው ነበር። የካሣነሽ እንባ በእጃቸው ላይ ወረደ። ያመማት መስሏቸው እጃቸውን ቀለል አደረጉት።

«የላዩ ገና አለ። የለቀቀው የታቹ ነው። በአንድ ቀን ይለቅልኝ ብለሽ አስቸኮልሽኝ እንጂ እሱም ይቆይ ነበር።» ጣታቸውን አወጡ። «ልደግምልሽ አልችልም እንግዲህ። ዓይኔም ሄደ፤ መርፌውም የለ። ምን ልትዪኝ ነበር?»

አፏ አሁን ነፃ ነበር። ባልቴቷ ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘንብለው ጠበቁ።

«ምንም፣ እትዬ» አለች ካሣነሽ።

«እንግዲያ አንድ ነገር ልለምንሽ። ሳይለቅ በፊት ሰው ፊት ሳቂበት። ከሠራሁት ሁሉ እሱን ነው ማንም ያላየልኝ።»

እጃቸውን ስማ ወጣች። ሀኒፋ ከአጥሩ ጥላ ሥር ተነሣች።

«ነገርሻቸው?»

«ሳቂበት አሉኝ» አለች ካሣነሽ። እጇ የነጠላዋን ጫፍ ይዞ ወደ አፏ እየወጣ ነበር።