በሃምሳው የጾመችው እህቴ

ባለፈው ሰኞ ታናሽ እህቴ ውዴ ከአንበሳሜ ልትጠይቀኝ ወረታ መጣች። ምሳ ሳቀርብ እንደ ልማዷ ድርሻዋን በሳህን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ሰው እያያት መብላት አትችልም። ልማዷን የማያውቀው ባለቤቴ "ምን አስቀየምናት?" አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው?

ነገሩ ሲጀመር እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፣ እሷ አሥር። በክረምቱ ወንዙ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ አጥለቀለቀው፤ ሩዛችንን ጠራርጎ ወሰደው፣ አንዱ በሬያችንም ሞተ። ከዚያ ወዲህ አባዬ ሌላ ሰው ሆነ። ቀን ሙሉ ዝም ብሎ ይውልና ገበታ ላይ ስንሰበሰብ ቁጣው ይነሳበታል። አንድ ቀን ውዴ ተጨማሪ እንጀራ ስትቆርስ፣ "ከውሃው የተረፈውን ደግሞ አንቺ ልትጨርሺው ነው?" ብሎ ገበታውን በእግሩ ገለበጠው። ትኩሱ ሽሮ እጇ ላይ ፈሰሰ። እማዬ ፍርፋሪውን ለቀመች።

ከዚያ በኋላ ውዴ "ጾም ነኝ" ማለት አበዛች። ሁዳዴን በቀን አንዴ ብቻ እየቀመሰች ዘለቀችው። ጎረቤቱ "ይቺስ መነኩሲት ናት" ይላል። አባዬም ኮራባት፤ ስለ እሷ ሲወራ ቁጣው ይበርድለታል። ድርሻዋን ለውሻ ስትጥል እያየሁ ዝም አልኩ። ቤቱ ሰላም በመዋሉ ደስ ይለኝም ነበር፤ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል።

ፋሲካ አለፈ። በሃምሳው ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። የንስሐ አባታችን ሊጠይቁን መጥተው ውዴ ወጡን ሳትነካ ስትነሳ አዩ። ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ በሃምሳው ምን ጾም አለ? እህትሽ ምን ሆናለች?"

አባዬ አጠገባቸው ተቀምጦ ያየኛል። አንገቴን ደፋሁ።

"ስለት አለባት፣ አባ።"

"እንዲያ ከሆነስ እግዚአብሔር ይቀበላት" ብለው መርቀው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ የጠየቀ የለም። ሩዝ ሲታጨድ ማሳው ላይ ወደቀች፤ በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ተረፈች፤ ግን ከሰው ጋር መብላት ሳይመለስላት ቀረ።

ሰኞ ዕለት ተከትዬያት ጓሮ ወጣሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማ ትበላለች።

"ውዴ፣ ያኔ አባ ሲጠይቁኝ ዋሸኋቸው" አልኳት።

መጉረሷን አቆመች። "ከበሩ ጀርባ ነበርኩ'ኮ፣ እታለም። ትናገርልኝ ይሆን ብዬ ስጠብቅሽ ነበር።"

ዓይን አፋር ነኝ እያልኩ ለራሴ ምክንያት ስሰጥ ኖሬያለሁ። አሁንም የተናዘዝኩት እኔን እንዲቀለኝ ነው መሰለኝ። ሳህኑን ግማሹን እንኳ ሳትበላ መለሰችልኝ።