«ተፈትሿል»

መገናኛ ላይ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው ላጲሶ ሰውዬውን ገና ከደረጃው ሲያየው አፉን ለፌዝ አሰናዳ። የኮቱ ክርን ተጥፏል፤ ከረባቱ ግን ስብሰባ እንደሚመራ ሰው ጥብቅ ብሎ ታስሯል። አሮጌ ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልሎ አቅፎታል። የተጻፈበት ኮድ ለማንም ተከፍቶ የማይነበብ፣ እሱ «ነጻ አይደለም» የሚለውን ሶፍትዌር አንድም አይጭንበትም። አብዛኛው የዋይፋይ አዳፕተር ደግሞ አምራቹ የቆለፈው ፕሮግራም ካልተጫነለት ኔትወርክ አይስብም። ሰውዬው ከዚህ ሱቅ ገዝቶ አልሠራ ያለውን አዳፕተር ከነካርቶኑ ሲመልስ ይህ ሦስተኛው ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ላፕቶፕ ነጻ የወጣው ከኢንተርኔት ነው እንዴ? ሰው ሁሉ የሚጭነውን ይጫኑና ይገላገሉ። ለአንድ አዳፕተር ጾም ጸሎት ይያዛል?»

ሰውዬው አልተቆጣም። የካርቶኑን ጀርባ አዙሮ አሳየው። «በሁሉም ላይ ይሠራል፤ ተፈትሿል» ይላል፤ ከሥሩ የላጲሶ ፊርማ አለ። ላጲሶ ዕቃ በገባ ቁጥር ካርቶኑን ሳይከፍት የሚጽፈው ነው።

«ፈትሸኸዋል?»

«ያው... ሁሉም ሱቅ እንዲህ ነው የሚጽፈው ጋሼ።»

«አውቃለሁ። እኔም መሥሪያ ቤት ሳለሁ የኦዲት ሪፖርት ሳላነብ እፈርም ነበር። በፊርማዬ አንድ የልጆች አባት ታስሮበታል፤ ኋላ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ውስጡን ያላየሁትን ነገር እሺ አልልም።»

ይህን ሲናገር ዓይኑ ከወለሉ አልተነሣም። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያለ ሌላ የአዳፕተር ካርቶን ጠቆመ።

«ይኸኛውስ ይሠራል?»

ላጲሶ ካርቶኑን አነሣና «ተፈትሿል» የሚለውን ጽሑፍ በመዳፉ ሸፈነው።

«አላውቅም ጋሼ» አለ፤ ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ።