መጽሐፍ በአርባ ደቂቃ

ልጅ ሳለሁ፣ ሰፈራችን ሙቀቱን ሸሽቶ አልጋውን ደጅ ሲያወጣ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛው አባ ዑስማን ሻሂያቸውን ከሰል ላይ ጥደው ተረት ይነግሩን ነበር። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ፊታቸውን የምናየው በፍሙ ቅላት ነው፤ ጢሱ ወደ ዓይናችን ሲዞር ቦታ እንቀያየራለን እንጂ ተነስቶ የሚሄድ የለም። የእሳቸው ተረት ዝም ብሎ አይፈስም። መሃል ላይ ቆም ይሉና «ለምን?» ይላሉ። ከቢዮ አዋሌ ገጠር የመጣች ግመል ደረቁን አሸዋ ወንዝ አልሻገርም ብላ ቆመች፣ ባለቤቷ በዱላ ነረታት፣ ትንሽ ቆይቶ ጎርፍ መጣ። ይህን መልሰህ ንገረኝ ሲባል ባንድ ትንፋሽ ያነበነበ ልጅ ከሰል ያራግባል። «እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በምን አወቀች?» ብሎ ያፋጠጣቸው ደግሞ የሚቀጥለውን ተረት ይመርጣል። እኔ አፈ ፈጣን ስለነበርኩ ብዙ አራግቤያለሁ።

የአክስቴ ልጅ ነቢል በዚህ ይስቅ ነበር። ያኔ ሃያ ዓመት አልፎታል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ አንድ ፋብሪካ የእንፋሎት ጋኑን፣ ቦይለሩን፣ የሚያንቀሳቅስ ሠራተኛ ሊቀጥር ፈተና አውጥቶ ነበር፤ አክስቴም ጸሐይ ላይ ቆማ ልባሽ ጨርቅ ከመሸጥ የምትገላገለው እሱ ከገባ ብቻ እንደሆነ ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች። የፋብሪካው ሰርቪስ የቱ ጋ ቆሞ ልጇን እንደሚጭን እንኳ መርጣ ጨርሳለች። ታዲያ ጌታው ምን አደረገ? ያን ጡብ የሚያክል የቦይለር መጽሐፍ እንደ ሰው ቁጭ ብሎ በማንበብ ፈንታ፣ በዚያ ሙቀት ሱፍ ለብሶ ከሚያልበው አሰልጣኝ ዘንድ ሄዶ ፈጣን ንባብ ተማረ።

ዘዴ ተብዬው እንዲህ ነው። ጣትህን መስመሩ ላይ ታስሮጣለህ፣ ዓይንህ ጣትህን ያሳድዳል። እንዳትረሳ ደግሞ የምታውቀውን መንገድ በሐሳብህ እየሄድክ በየደጃፉ አንድ አንድ ነገር ታስቀምጣለህ። ነቢል የከተማችንን ከዚራ ሰፈር መረጠ። ባቡር ጣቢያው በር ላይ ውሃ ማስገቢያውን፣ ፋርማሲው ጥግ እሳቱን፣ ትልቁ ዛፍ ሥር የእንፋሎት መውጫውን አስቀመጠ። እኔ ስልኩን ይዤ ደቂቃ እቆጥርለታለሁ።

«ስንት ሞላ?»

«አርባ።»

«አየህ? አንድ መጽሐፍ በአርባ ደቂቃ! አባ ዑስማን አንዲት ግመል ለማሻገር ሳምንት ይፈጅባቸዋል።»

ሽማግሌው ሰምተውታል። «አቦ ተወው፣ ይሩጥ» አሉኝ፣ ፍሙን እየቆሰቆሱ።

በፈተናው ቀን ቦይለሩን ሲያስነሳ አንድም አልሳተም አሉ። ከዚያ ፈታኙ «አሁን አጥፋ» አለው። ስለ ማጥፋት መጽሐፉ ውስጥ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለ፤ የነቢል ጣት ግን በሁለት ደቂቃ አልፎታል። ምን ቸገረኝ አለና በሄደበት መንገድ ተመለሰ። ከዛፉ ጀመረ። እሳቱ ከሥር እየነደደ በመጀመሪያ የእንፋሎት መውጫውን ዘጋ። እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ የግፊት መለኪያው መርፌ ወደ ላይ ሲወጣ ፈታኙ በትከሻው ገፍቶት እሳቱን ራሱ አጠፋና ወደ በሩ ጠቆመው።

ነቢል ማታውን እንደተበደለ ሰው ሲያወራ ነበር። «ቅደም ተከተሉን አልሳትኩም! ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፣ ወላሂ አንድም አልሳትኩም!»

አክስቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ልባሾቿን ታጥፋለች። አባ ዑስማን ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ወሪያ ነቢል፣ መውጫውን ስትዘጋው እሳቱ የት ነበር?»

«ፋርማሲው ጋ» አለ።

እኛ ልጆቹ ሳቅን። አክስቴ አልሳቀችም። በማግስቱ የልባሽ እስሯን ተሸክማ ወጣች።

እኔም በኋላ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቴን ትቼ ባጃጅ ጥገና ገባሁ፤ ስለዚህ ስለ መጽሐፍ ማውራት ያምርሃል ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ያምረኛል። አንድ ገጽ ሳምንት ይፈጅብኛል፣ ከንፈሬም ይንቀሳቀሳል። በስልኩ ሃያ መጽሐፍ የጨረሰ ጎረምሳ ጋራዥ ሲመጣ አንድ ብሎን አቀብለውና ይህ እዚህ ምን ይሠራል እለዋለሁ። እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

የአባ ዑስማንን ተረቶች መጨረሻ አብዛኛውን ረስቻለሁ። የቀረልኝ ነገር፣ ሰው አንድም ሳይስት፣ አንድም ሳይገባው መጨረሻው ላይ መድረስ መቻሉ ነው። ነቢል ዛሬ ራሱ የፈጣን ንባብ አሰልጣኝ ሆኗል። ከዚራ አዳራሽ ይከራያል፣ ሱፍ ይለብሳል፣ ያልበዋል፣ ሰውም ያጨበጭብለታል። አክስቴ ዛሬም ልባሽ ትሸጣለች። ባለፈው ሳልፍ አየኋት፤ ትልቅ ጥላ ተክላለች። ነቢል የገዛላት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ጠየቅኋት።

«እሱማ ጊዜ የት አለው ልጄ፣» አለችኝ፤ «ራሴ ነኝ።»